በአንድ ቃል የሰጠኋት ልጅ

አሁን መድረክ ላይ የሚያዩኝ ሰዎች «ይቺ ሴትዮማ ስትወለድም መጋረጃ ገልጣ ነው የወጣችው» እያሉ ያሾፉብኛል። ስቄ አልፋቸዋለሁ። እውነቱን ብነግራቸው አያምኑኝማ! እስከ ሃያ ሰባት ዓመቴ ድረስ ሰው ፊት ቆሜ ስሜን እንኳ መናገር አልችልም ነበር። ሦስት ሰው ከተሰበሰበ ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። ያ ፍርሃት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባቱ ከተማ ላይ ምን እንዳደረገኝ ነው የማወጋችሁ።

ያኔ አዳማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ቲያትር እጽፋለሁ። አንዳንዴ ሁለቱ ይደባለቁብኛል። አንድ ጊዜ የአንድ አባት የመብራት ቆጣሪ ማመልከቻ መሃል «ወደ መስኮቱ ዞር ብለው በቁጭት» የሚል ተጽፎ ወጣ። ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «ልጄ፣ በቁጭት መሆኑን በምን አወቅሽ?» አሉኝ። ሳያሰርዙት ፈርመው ሄዱ።

ስድስት ሆነን ያቋቋምነው የቲያትር ቡድን ነበረን። እኔ ደራሲና አዘጋጅ ነኝ። ከድር የቡድኑ መሪ ነው፤ አባቱ ጋሽ ሁሴን ከወሎ መጥተው አዳማ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። ጫልቱ ብቸኛዋ ሴት ተዋናያችን ናት። ግርማ ደግሞ ዋናው ተዋናያችን፣ ያለ ማይክ አዳራሽ የሚያንቀጠቅጥ ጎረምሳ ነው። የቀሩት ሁለቱ የተገኘውን ሁሉ ይጫወታሉ።

ስለ ጽሑፌ ጠባዬ አይጣል ነበር። አንድ ተዋናይ «መጣሁ» የሚለውን «መጥቻለሁ» ካለ ትዕይንቱን ከመጀመሪያው አስደግመዋለሁ። «የጻፍኩት አስቤበት ነው፤ ከራስህ አትጨምር!» ብዬ እጮሃለሁ። ከድር «ሰኒ፣ ይሄ ቲያትር ነው ወይስ የፍርድ ቤት መሐላ?» ይለኛል። እኔ ግን ንቅንቅ የለም።

በክልሉ የቲያትር ቡድኖች ውድድር ላይ ለመግባት ሁለት ዓመት ተከታትለን ሞክረን ማጣሪያው ላይ ወድቀናል። ሦስተኛው ላይ ከድር ሰብስቦን «ካለፍን አለፍን፤ ካላለፍን አባቴ እንዳለው ሱቅ እገባለሁ። ሁለት ዓመት እሱን ለመንኩ፣ በቃኝ» አለ። ጫልቱም መልካሳ ላይ ሥራ አግኝታ መልሷን እየጠበቁ ነበር። እነሱ ከሄዱ ቡድኑ ፈረሰ ማለት ነው። ቡድኑ ከፈረሰ ደግሞ እኔ ለማን ልጽፍ? ለፎቶ ኮፒ ማሽኑ? ሌላ ሰው ጋ ሄጄ «ቲያትር አለኝ፣ ስሙኝ» የምልበት አፍ የለኝም። ስለዚህ ያ ማጣሪያ ለእኔ የመጨረሻዬ ነበር።

ቲያትሩ ሽማግሌ ስለሚላክባት ጽጌ ስለምትባል ልጅ ነው። ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ይወዳታል፤ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ አባትየው አሻፈረኝ ይላሉ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ይከራከራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ያለቅሳሉ፤ መጨረሻ ላይ ይረታሉ። አባትየውን የሚጫወተው ግርማ ነው። በደንቡ መሠረት ሌላ ከተማ ሄደን ማሳየት ስለነበረብን ባቱ ደረሰን። ዳኛዋ ወይዘሮ ንግሥት የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በመድረክ የጨረሱ ሴት እንደሆኑና ጽሑፉን ቀድመው እንደተቀበሉ ተነገረን።

እሑድ ጠዋት መናኸሪያ ተገናኝተን ግርማን ስንጠብቅ ስልኬ ጮኸ።

«ሰኒ፣ አትቆጪ እሺ?»

ሰው «አትቆጪ» ብሎ ሲጀምር እኔ ያኔውኑ ተቆጥቻለሁ።

«የት ነህ?»

«አቦምሳ። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ትናንት ነበር፣ ሚዜ ሆኜ። በጠዋት ሹልክ ልል ነበር፣ ግን የሙሽራዋ ቤተሰቦች ለዛሬ መልስ ጠሩን። ሚዜው ጥሎ ሄደ ከተባለ እኮ ዘመድ ከዘመድ ይጣላል!»

«ዳኛዋስ? ከዳኛዋ ብንጣላስ?»

«እሱን እኮ ነው አትቆጪ ያልኩሽ።»

ድምፁም ሲዘፍን አድሮ ተዘግቷል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ቢያንስ ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ ብለን ተሳፈርን። ሞጆን አልፈን ወደ መቂ ስንቃረብ ከድር ከፊት ወንበር ዞረ።

«የአባትየውን ቃል ከግርማ ሌላ በቃሉ የሚያውቅ ማን አለ?»

ሁሉም እኔን አዩኝ። ከመቂ ወረድ ብለው የሚወርዱ፣ ከነጭራሹ የማናውቃቸው ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ አዩኝ።

«አልችልም» አልኩ።

«አባትየው ሞተዋል እንበል» አለ ከድር። «እናትየዋ ናት የምትወስነው። ቃሉ ያው ነው፤ አንቺው የጻፍሽው ነው።»

«ከድር፣ እኔ ሰው ፊት...»

ጫልቱ እጄን ያዘች። «ሰኒዬ፣ ካልሞከርሽ ያው አልቋል። ብትሞክሪ ምን ትጎጃለሽ?»

ነጠላዋን አውልቃ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ባቱ እስክንደርስ ድረስ ያንን ነጠላ ጨብጬ ተቀመጥኩ። እጄ አልቦት ነጠላው ረጠበ።

አዳራሹ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ሙቀቱ ያንገበግባል። ውጭ የባጃጅ ጥሩምባና የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል። ሰው ግን ጢም ብሏል። ወይዘሮ ንግሥት ከፊት ተቀምጠው ጽሑፌን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጋረጃው ተከፈተ፣ እኔም ነጠላ ለብሼ፣ መቀነት ታጥቄ ወንበር ላይ ቁጭ ብያለሁ።

ከድርና ሁለቱ ልጆች ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው መሰለኝ፤ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ከዚያ ከድር ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እመቤቴ፣ የመጣነው ልጅዎን ጽጌን ለልጃችን እንዲሰጡን ለመለመን ነው።»

እዚህ ላይ የእኔ ቃል አሥራ ሁለት መስመር ቁጣ ነው። እያንዳንዱን ቃል ከሦስት ጊዜ በላይ ሰርዤ የጻፍኩት። አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ሁሉም ሰው ያየኛል፤ ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረችው አንዲት ሐሳብ ብቻ ናት። ይሄ ነገር ቶሎ ይለቅ።

«እሺ» አልኩ።

 ይህ የማይበቃ መስሎኝ ጨመርኩበት። «ሰጥቻለሁ። ውሰዷት።»

ከድር አርባ ደቂቃ ሊለምን ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ነው። ከዘራውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከዚያ፣ ምን ያድርግ፣ በልመና ድምፅ «እመቤቴ... ትንሽ አያስቡበትም?» አለኝ።

«አስቤያለሁ» አልኩት።

ሰው መሳቅ ጀመረ። ጫልቱ ከመጋረጃው ጀርባ «ሰኒ! ምን ነካሽ!» ስትል ይሰማኛል። ወይዘሮ ንግሥት ገጽ ገለጡ፤ ሌላ ገጽ ገለጡ፤ ሌላ፣ ሌላ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ አልቆልኝ ነበር። ልነሳና በጓሮ በር ወጥቼ ልሄድ ወንበሩን በእጄ ጫን አልኩት።

«ኧረ ቆይ! ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!»

ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ሽማግሌ ተነሥተዋል። ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ በያዙት ዱላ እኔን ይጠቁማሉ።

«ልጅ እንዲህ ይሰጣል? ሽንኩርት እንኳ በአንድ ቃል አይሰጥም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ኦቦ ቱሉ! ኦቦ ቱሉ፣ ይናገሩ!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው መጣ። በኋላ እንደሰማሁት ኦቦ ቱሉ የባቱ የአትክልት ደላላ ናቸው፤ በከተማው ያለ እሳቸው ሽንኩርትም ቲማቲምም ዋጋ አይቆረጥለትም፤ የተጣላም ያለ እሳቸው አይታረቅም። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ቲያትሬ መሃል አንድ ሰው ተነሥቶ እየተናገረ መሆኑን ነው። ያ አይጣል ጠባዬ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ብድግ አደረገኝ።

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት? ልጅቷ የእኔ፣ ቤቱ የእኔ!»

ድምፄ አዳራሹን ዞሮ ተመለሰ። የእኔ ድምፅ መሆኑን ለማመን ቸገረኝ።

«ቤቱማ ያንቺ ይሁን» አሉ። «አባቷ የታለ?»

«ሞቷል!»

«ነፍሱን ይማር። አጎቷስ? አጎት ሳይሰማ ልጅ ከቤት ትወጣለች?»

«አጎት የላትም!»

«አጎት የሌለው ሰው የለም፣ ኢንተላ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው። «ከጠፋ እኔ አለሁ።» ይህን ብለው የሰዎቹን ጉልበት እየገፉ ወደ መድረኩ መጡ።

ከድር ፈጣን ልጅ ነው። ከዘራውን ጥሎ ሮጦ እጃቸውን ያዘና «አጎትየው መጡ! ይግቡ፣ ይግቡ!» ብሎ ደግፎ አወጣቸው። እሳቸውም ሰፋ ብለው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ።

«እናንተ» አሉ ወደ ከድር ዞረው፣ «ልጃችሁ ምን ይሠራል?»

«ባጃጅ ይነዳል።»

«የራሱ ነው የሰው?»

«የሰው ነው፣ አባቴ።»

«ይሁን። ሥራ አይናቅም። ማታ ስንት ሰዓት ይገባል?»

ከድር ይህን ማን ጽፎለት! አሥራ ሁለት ሰዓት አለ። ከተመልካቹ አንዱ «ውሸት! ባጃጅ ነጂ አሥራ ሁለት ሰዓት አይገባም!» ብሎ ጮኸ። ከድር ቶሎ ብሎ «ካገባ በኋላ ይገባል» አለ። ጭብጨባ ሆነ።

«ጥሩ ሽማግሌዎች ናችሁ» አሉ ኦቦ ቱሉ። «ዛሬ ግን ፊታችሁን አየን እንጂ ቃላችሁን አልሰማንም። ሂዱና በሳምንቱ ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቼ ተያይተው ወጡ። መጋረጃው ጀርባ ምን እናድርግ እያሉ ሲንሾካሾኩ ይሰማል። መድረኩ ላይ እኔና ኦቦ ቱሉ ብቻ ቀረን። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ማንም ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ ጠየቁኝ።

«አንቺ ሴት፣ ልጅሽን ለምን እንዲህ ቸኩለሽ ሰጠሽ?»

 የተጻፈ ነገር የለኝም። ያለኝ እውነቱ ብቻ ነበር።

«ፈራሁ» አልኩ።

«ምን ፈራሽ?»

«ሰው ሲያየኝ እፈራለሁ። ቶሎ ይለቅልኝ ብዬ ነው የሰጠኋት።» ይህን ስል እንባዬ መጣ። ማስመሰል አልነበረም። የሕይወቴን ምስጢር ለማላውቃቸው ሽማግሌ፣ በአንድ አዳራሽ ሰው ፊት መናገሬ ነበር።

ኦቦ ቱሉ በዱላቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። «ሰው ባያይሽ ኖሮ ልጅሽ እስካሁን ሄዳ አልነበር? እኔ ስላየሁሽ አይደል የተነሣሁት? አትፍሪ። የሚያይሽ ሁሉ ሊበላሽ አይደለም፤ የሚያግዝሽም አለ።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ከኋላ አንዲት ሴት «እውነት ነው» አለች። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ተመልካቹን አየሁ። ከገባሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ሊበሉኝ የተቀመጡ አይደሉም። ልጅቷ ምን ትሆን ይሆን ብለው የሚጨነቁ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ወንዝ ፈሰሰ። ከድር መጋረጃውን ገልጦ «ሳምንቱ ሞላ!» እያለ ገባ። ኦቦ ቱሉ «ልጅቷ ትምጣ፣ ራሷ ትናገር» አሉ፤ ጫልቱ ወጥታ ባጃጅ ነጂውን ለምን እንደምትወደው ነገረችን። እኔ ተቆጣሁ፣ ተሟገትኩ፣ ከኦቦ ቱሉ ጋር ተጣላሁ፣ ታረቅሁ። አሥራ ሁለቱ መስመሮቼ አንዳንዶቹ ራሳቸው እየመጡ አፌ ላይ ተቀመጡ፤ ያልመጡትን አልፈለግኳቸውም። ኦቦ ቱሉ ሽማግሌዎቹን ለሁለተኛ ጊዜ መለሷቸው። ሦስተኛው ሳይደርስ የአዳራሹ ጠባቂ ከበሩ እጁን አወዛወዘ፤ አዳራሹ ውስጥ በቴሌቪዥን ለሚታየው የአሥራ አንድ ሰዓት እግር ኳስ የመጣ ሰው ደጁን ሞልቶታል። «ለሦስተኛው ኑ፣ ያኔ እንነጋገራለን» ብለው አጎትየው ዘጉት። መጋረጃው ሲወርድ ሕዝቡ «ሰጧት አልሰጧት?» እያለ ይጮሃል።

ደስታዬ ግን ወይዘሮ ንግሥትን እስካይ ነበር። ጽሑፉን ይዘው ከመጋረጃው ጀርባ መጡ።

«ደራሲዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እዚህ ላይ አጎት የለም። እናትም የለችም።»

ከድር ከኋላቸው ሆኖ በእጁም በቅንድቡም «አሻሽለነው ነው በይ» ይለኛል። ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ብዋሽ ምናልባት እናልፋለን። ካልዋሸሁ ከድር ሱቅ ይገባል፣ ጫልቱ መልካሳ ትሄዳለች። ነገር ግን አሁን አንድ አዳራሽ ሰው ፊት ፈራሁ ብዬ ተናግሬ ለአንዲት ሴት መዋሸት አቃተኝ።

«አልጻፍኩትም» አልኩ። «ሽማግሌውን ዛሬ ነው ያየኋቸው። ፈርቼ አበላሸሁት፤ እሳቸው አቃኑት።»

ከድር ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ወይዘሮ ንግሥት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ብዙ ቡድን አይቻለሁ፣ ልጄ። ሁሉም የራሱን ቃል ተናግሮ የሌላውን ማለቅ ይጠብቃል። ማንም ማንንም አይሰማም። አንቺ ዛሬ ስትሰሚ አየሁሽ።» ጽሑፉን መለሱልኝ። «ይሄኛው አያልፍም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ዛሬ ያየሁትን ጽፈሽ ካመጣሽ ያልፋል። እናትየዋን ደግሞ አንቺው ነሽ የምትጫወቺው።»

«ግርማ የሚባል ጎበዝ ልጅ አለን እኮ...»

«ግርማ አባትየው አይደል? አባትየውን አንቺው ገድለሻቸዋል።»

በማግስቱ መጻፍ ጀመርኩ፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አጎትየውን እንዴት ሳላስፈቅድ ልውሰድ? ኦቦ ቱሉን ፍለጋ ባቱ ተመለስኩ። የሽንኩርት መጫኛው ጋ ሻይ እየጠጡ አገኘኋቸውና በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ቱሉ። እርስዎን ቲያትሬ ውስጥ ልጽፍዎት ፈቃድ ልጠይቅ ነበር።»

ከኋላዬ ሰው ፈለጉ። «ብቻሽን መጣሽ?»

«አዎ።»

«ሰው ሲለመን ሰው ተይዞ ነው። ሂጂና ተመለሺ።»

በሳምንቱ ከድርን ይዤ ሄድኩ። «ይሄ ልጅ ነው፤ ጋቢውን ሲያወልቅ ሽምግልናው አብሮ ይወልቃል» ብለው መለሱን። የቀረን አንድ ሳምንት ነበር። ከድር ጨንቆት ለአባቱ ነገራቸው። ጋሽ ሁሴን ቲያትር ሲባል ፊታቸው የሚጠቁር ሰው ናቸው። «ለቲያትር ከሆነ አልሄድም» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ለሽምግልና ከሆነ ግን እምቢ አይባልም» ብለው ሱቃቸውን ዘግተው ተነሡ።

ባቱ ደርሰን ኦቦ ቱሉ ተቀመጡ ሲሉ ጋሽ ሁሴን ቆመው ቀሩ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ከዚያ ስለ እኔ ጽሑፍ፣ ስለ ልጃቸው ድካም፣ ቡድኑ ቢፈርስ ስለሚቀረው ነገር አንድ በአንድ ተናገሩ። እኔና ከድር ተያየን። ሁለት ዓመት እሳቸውን ስንለምንበት የነበረውን ሁሉ አሁን እሳቸው ለእኛ ይለምኑበታል። ኦቦ ቱሉ እስከ መጨረሻው አዳምጠው «ቶሌ» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው። «አሁን ተቀመጡ።»

 ተመልሰን አዳማ ስንገባ ጋሽ ሁሴን «ከድር፣ እኔ ለምኜ ያስፈቀድኩትን አንተ ጥለህ ሱቅ ብትገባ ታዋርደኛለህ» አሉት። የሱቁ ነገር በዚያው ቀረ። ጫልቱም ለመልካሳዎቹ ይቅርብኝ ብላ ደወለች።

አለፍን። ውድድሩ ላይ ቲያትሩ አሸነፈ፤ እኔም በድርሰቱና እናትየዋን በመጫወቴ ተሸለምኩ። ኦቦ ቱሉ ከባቱ ደወሉ። «ሰማሁ፤ ተሸለምን አሉኝ» አሉ። «ተሸለምን» በማለታቸው ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቲያትሮች ጽፌያለሁ፣ በሁሉም ተጫውቻለሁ፣ ሌሎች ሽልማቶችም መጥተዋል። እንደዚያ ስልክ ግን ያስለቀሰኝ የለም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ፍርሃቴ ጠፍቷል ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ከመውጣቴ በፊት እጄ ያልበዋል። የተለወጠው ሌላ ነው። ድሮ ጽሑፌ ላይ አንድ ቃል ሲነካ የምታመመው እኔ፣ አሁን ልምምድ ላይ ተዋናዮቼን «ምን ልትል አሰብክ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ግርማ ይህን ሲሰማ «ሚዜ ሆኜ ስለቀረሁ ነው እንጂ ይቺ ሴት መቼ ትለወጥ ነበር» ብሎ ሽልማቱን ለራሱ ያደርገዋል። ይሁንለት። እናንተም ከእኛ ቲያትር አንዱን ለማየት ስትመጡ የማይሆን ነገር ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ ተነሡና ተናገሩ። እቆጣችሁ ይሆናል፤ ግን እሰማችኋለሁ።